አብሮ የመጣ ካርታ

አማቻችን አይፎኑን የገዛው ዕቁብ ወጥቶለት ነው፤ ስለዚህ ውስጡ ያለውን ሁሉ ይወዳል፣ ካርታውን ጭምር። የአክስቴ ልጅ ሳምሰንግ ይዟል፤ ጉግል ማፕ ሲታማ እናቱ የተሰደበች ያህል ይቆጣል። ካርታውን ግን ሁለቱም አልመረጡትም። ስልኩን ሲከፍቱ ቁጭ ብሎ ጠበቃቸው። ድሮ ወላጅ አጭቶ እንደሚያመጣት ሙሽራ ነው፦ ፊቷን ያዩት ቤት ከገባች በኋላ፤ ዛሬ ክፉ ስሟን የሚያነሳ ካለ ዱላ ይማዘዛሉ።

ጥር ላይ ለሠርግ ከደብረ ማርቆስ ወደ ደምበጫ ስንሄድ ሁለቱም ተሻምተው ጋቢና ገቡ። የሙሽራው ወንድም ሎኬሽን ልኮልናል። የአንዱ ስልክ 52 ደቂቃ አለ፣ የሌላው 55። ምሳ ለስድስት ሰዓት ተብሎ ዘጠኝ ሰዓት ለሚቀርብበት ድግስ፣ በሦስት ደቂቃ የተነሳ አማኑኤል እስክንደርስ ተነታረኩ። ስልኮቹም አላረፉም፤ ሁለት ሴቶች በእንግሊዝኛ እየተሻሙ ግራ፣ ቀኝ ይላሉ። አጎታችን ከኋላ ጋቢያቸውን ሰብስበው፣ «እኒህ ጣውንቶች ምን አጣልቷቸው ነው?» አሉ።

እኔም ላስታርቅ ብዬ ታሪክ ጀመርኩ። አይፎን በ2007 ሲወጣ (ዘመኑ በፈረንጆቹ ነው) ካርታው የጉግል ነበር። በ2012 የአይፎን ሠሪው አፕል ያንን አውጥቶ የራሱን አስገባ፤ ያኔ ጉድ ፈላ። አውስትራሊያ ያለችውን የሚልዱራን ከተማ ከቦታዋ 70 ኪሎ ሜትር ያህል አርቆ ውኃ የሌለው ፓርክ መሀል አስቀመጣት። እሱን አምነው የነዱ ሰዎች በረሃ ላይ ቀሩ፤ ፖሊስ በዚህ ካርታ አትመሩ ብሎ እስከማስጠንቀቅ ደረሰ። የኩባንያው አለቃ ቲም ኩክ ይቅርታ ጠየቀ፤ እስኪስተካከል ድረስም የተፎካካሪዎቹን ካርታ እንዲጠቀሙ ለሰዉ ነገረ።

«ደንበኛውን ወደ ባላንጣው ደጅ ሰደደ?» አሉ አጎታችን። «እንዲህ ያለ ነጋዴ በእኛ በኩል አይወለድም።»

«እሱ የድሮ ነው፤ አሁን ተስተካክሏል» አለ አማቻችን። እውነቱን ነው፣ ብዙ ተሻሽሏል። ይሁንና ይኸው ሰው ዘወር ብሎ ጉግልን እንደሚከፍት በዓይኔ አይቻለሁ። ችግሩ፣ አድራሻ ተልኮለት ጣቱን ሲያሳርፍበት ብቅ የሚለው ያው የአፕሉ ነው። አፕል በ2025 ሌላ ካርታ ዲፎልት (ሲነኩት ቀድሞ የሚከፈት) ማድረግን ፈቅዷል፤ ግን ለጃፓንና ለአውሮፓ ኅብረት አገሮች። ጎጃም እስካሁን አባል አልሆነም።

ለነገሩ እኛ አገር ካርታ ማለት አገጭ ነበር። መንገድ ስትጠይቅ ሰውየው አገጩን ቀና አድርጎ «እዚያች ናት» ይልሃል። «ያ»ዋ በረዘመች ቁጥር ስንቅ ትጨምራለህ። ባትሪ አያልቅባትም፣ ኔትወርክም አትጠይቅም።

ከደምበጫ ወጥተን አስፋልቱን ለቀን፣ አቧራውን ጠጥተን፣ ዳገት ወጥተን ስናበቃ ሁለቱም ስልኮች ተከታትለው «ደርሳችኋል» አሉ። ድንኳን የለም። ከበሮ የለም። ያለው አንድ ባሕር ዛፍና ከብት የሚጠብቅ ልጅ ነው።

«ሠርግ ቤቱ የት ነው?»

«ሠርጉማ እዚያች ናት» አለ ልጁ በአገጩ፤ «ያ»ዋ ደግነቱ አጭር ነበረች። «ቅድም አንድ ሰውዬ ኔትወርክ ፍለጋ እዚህ ወጥቶ ሲጮህ ነበር። ሎኬሽን ላክሁ ብሎ ወረደ።»

ሹፌሩ መሪውን እንደያዘ ሳቀ። «ቤቱንማ ቅድም አልፈነው መጣን። እኔ እኮ የዚሁ አገር ልጅ ነኝ።»

«ታዲያ ምነው ዝም አልክ?» አሉ አጎታችን።

«ካርታ ይዘዋል ብዬ ነዋ፣ አባ።»

ቁልቁለቱን ስንመለስ አፍረው ዝም የሚሉ መስሎኝ ነበር። ጋቢና ውስጥ ግን አዲስ ክርክር ተነሥቷል፦ ኮረብታው ላይ ቀድማ «ደርሳችኋል» ያለችው የማን ናት?