ሳሎኑ ዩኬጂ፣ ጋራዡ ላይብረሪ

የአዲስ አበባ ወላጅ ሆይ፣ ምስጋና ይገባሃል። እስከዛሬ ማንም አላመሰገነህምና እስቲ እኔ ላመስግንህ። መንገዴን ራሴንም አመሰግናለሁ። እኔም ያንተው ወገን ነኝ።

ከቤታችን እስከ መንግስት ትምህርት ቤቱ በር የአራት ደቂቃ መንገድ ነው። በልጅ እግር ቢበዛ ስድስት። ግቢው ኳስ ሜዳ አለው። ትልልቅ ጽዶች አሉት። ከ2012 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ በከተማው የመንግስት ትምህርት ቤቶች ልጆቹ ቁርስና ምሳ ይበላሉ፤ ዩኒፎርምና ደብተርም ይሰጣቸዋል። የወር ክፍያ የሚባል ነገር የለም። እንዲህ ያለ ፈተና ፊት ለፊትህ ቆሞ “አልፈልግም” ማለት ቀላል እንዳይመስልህ። ወኔ ይጠይቃል። እኔና ባለቤቴ ወኔው አላነሰንም።

“ትምህርቱ እኮ ደካማ ነው” ተብሎ ተነግሮናል። ማን ነገራችሁ? የሚያውቅ ሰው። እሱስ እንዴት አወቀ? ለእሱም የሚያውቅ ሰው ነግሮት። እኔ ወደዚያ ግቢ የተጠጋሁት አንድ ጊዜ ነው፤ ዝናብ ይዞኝ በሩ ስር ተጠለልኩ። ልጆቹ ውስጥ ሆነው ማባዛት በዜማ ይወርዱታል። ዝናቡ እንዳባራ በፍጥነት ሄድኩ። ሰው ቢያየኝስ?

ልጃችንን ያስገባነው ሦስት ሰፈር ተሻግሮ፣ አንድ ቪላ ውስጥ ነው። ድሮ ሰው ይኖርበት ነበር። አሁን ሳሎኑ ዩኬጂ ሆኗል። መኝታ ቤቶቹ ነርሰሪና ኤልኬጂ ናቸው። ጋራዡ ላይብረሪ ነው። አንደኛው ክፍል ግድግዳው እስከ ወገብ ድረስ ሴራሚክ ስለሆነ ድሮ ወጥ ቤት እንደነበር ያስታውቃል፤ አሁን “ሳይንስ ላብ” የሚል ተለጥፎበታል። ሜዳው የባለቤቱ መኪና ካልቆመበት ሸርተቴ ይበቃዋል። ከቆመበት ልጆቹ ተራ ይጠብቃሉ። ስሙ “ኢንተርናሽናል” የሚል አለበት። ከውጭ የመጣ ነገር ብፈልግ ብፈልግ፣ አጥሩ ላይ የተሳለውን ሚኪ ማውስ ብቻ አገኘሁ። እሱም ጆሮው አንድ ነው፤ ሌላኛው ከኤሌክትሪክ ቆጣሪው ጋር ሄዷል።

ይህን ቦታ በቀላሉ ያገኘነው እንዳይመስላችሁ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ነው ጋቢ ተከናንቤ የተሰለፍኩት። ከፊቴ 17 ሰው ነበር። ቀጥሎ ደግሞ ኢንተርቪው አለ። የሚጠየቀው ልጁ ነው። ሦስት ዓመት ተኩል ሆኖታል።

“ዋት ኢዝ ዩር ኔም?” አለችው ሚስ።

ልጄ ጣሪያውን አየ። ቀጥሎ እናቱን አየ። “ሽንቴ መጣ” አለ።

“ሂ ኢዝ ሻይ” ብላ ባለቤቴ ተረጎመችለት። አለፈ። ማታ ኬክ ቆረስን።

እንግዲህ የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ ይሰጥ ብሎ ነበር። የኛ ሰዎች ግን ብልህ ናቸው። ፖሊሲውንም አላስቀየሙም፣ እኛንም አላስቀየሙም። መጽሐፉን ሁለት አደረጉት። አንዱ ባለቀለም፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ፤ ልጁ በየቀኑ ይሸከመዋል። ሌላው የመንግስት፣ በአማርኛ፤ ተቆጣጣሪ ሲመጣ ከቁም ሳጥን ይወጣል። አንድ አበባ “ፍላወር” ሆኖ ጠዋት ይጠናል፣ “አበባ” ሆኖ በእንግዳ ቀን ብቅ ይላል። ያ ሁሉ ደብተርና መጽሐፍ የሚገባበት ቦርሳ ከልጁ ይከብዳል። ከኋላው ስታየው ቦርሳው ራሱ እግር አውጥቶ የሚሄድ ነው የሚመስለው።

ውጤቱ ግን ያኮራል። እናቴ ባለፈው ከደብረ ብርሃን መጥታ ነበር። ቆሎና ቅቤ ይዛ። “ና እስቲ ሳመኝ የኔ ጌታ” አለችው።

“ኖ፣ አይ አም ቢዚ” አላት።

“ምን አለ?” አለችኝ።

“ሥራ አለብኝ ነው የሚልሽ።”

“እሰይ!” አለች እናቴ። “በስድስት ዓመቱ ሥራ ያዘ! እደግ፣ ተመንደግ!”

መረቀችው። እሱ ግን ምርቃቱን አልሰማም፤ አማርኛ ነበር።

ድሮ እንዲህ አልነበረም። አባቴ ፊደል የቆጠረው ቄስ ትምህርት ቤት፣ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ነው። ቀጥሎ የመንግስት ትምህርት ቤት ገባ። በዚያ ዘመን የሀብታሙም የደሃውም ልጅ ምኒልክ ወይ ተፈሪ መኮንን ገብቶ አንድ ዴስክ ላይ ይቀመጥ ነበር። አሰቃቂ ነው። የማን ልጅ የማን እንደሆነ በምን ይለያል? ዛሬ በሸሚዙ ኮሌታ ታውቀዋለህ። የሰርቪሱ ቀለም ብቻ ስንት እንደሚከፈል ይነግርሃል። ሰርቪሱ ከሌሊቱ 11:45 ላይ ጥሩምባውን ሲነፋ ጎረቤት በሙሉ ይነቃል፤ ለምን ይነፋል ብዬ አማርሬ አላውቅም። ጎረቤት ካልሰማውማ ለምን እከፍላለሁ? ልጁ ተኝቶ ይሄዳል፣ ተኝቶ ይመጣል።

ከሁሉ የወደድኩት ግን የወላጆች ስብሰባውን ነው። አጀንዳው የክፍያ ጭማሪ ነበር። ከኋላ ወንበር አንዲት እናት ተነሳች። “ጭማሪው በዝቷል፣ ሁለት ልጅ ነው ያለኝ” አለች። ድምጿ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። ሰዎች ራሳቸውን ነቀነቁ። እኔም ሞባይሌ ላይ ካልኩሌተር ከፍቼ ነበር። ባለቤቱ መልስ ሊሰጥ ሲል ከፊት ረድፍ ከረባት ያሰረ ሰውዬ ቀደመው። ዞር ብሎ “የማይችል መንግስት ትምህርት ቤት ያስገባ!” አለ።

አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ። እኔም ካልኩሌተሩን ዘግቼ አጨበጨብኩ። ሴትየዋን ሳያት እሷም ታጨበጭባለች። ምን ታድርግ? ባለቤቱ አንድ ቃል ሳይናገር ጸደቀለት። ደንቡ “ከወላጅ ጋር ተወያዩ” ነው የሚለው፤ ተወያየን።

ሰንሰለቱም ደስ ይላል። የመንግስት ትምህርት ቤቱ መምህር የግቢያችን ተከራይ ነው፤ ልጁን ተበድሮ የግል ያስተምራል። የልጄ ሚስ ደግሞ የመንግስት ቅጥር ሲወጣ ለመመዝገብ ማስረጃዎቿን ፎቶ ኮፒ አድርጋ ቦርሳዋ ውስጥ ይዛ ነው የምትዞረው። ደሞዙ ይሻላል አለችኝ። የትምህርት ቤታችን ባለቤት ልጆችስ? እነሱ በዶላር የሚከፈልበት ነው የሚማሩት።

በሰኔ ልጃችን ተመረቀ። ከዩኬጂ። ጋውን ለብሶ፣ ባለ ክር ባርኔጣ ደፍቶ፣ አዳራሽ ተከራይተን። ጋውኑ ስለረዘመበት መድረክ ላይ ረግጦት ወደቀ፤ ፎቶ አንሺው ግን ፎቶሾፕ ያውቃል። ከ42 ልጆች 31ዱ አንደኛ ወጥተዋል። የኛ ሁለተኛ ስለወጣ ባለቤቴ ሦስት ቀን አልተኛችም።

ከላይ ደግሞ የ12ኛ ክፍል ፈተና አለ። በ2014 ዓ.ም. ከተፈተኑት ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ፤ በዓመቱ 3.2 ሆነ። ሌላ አገር ቢሆን ወላጅ ይደነግጣል። እኛ ግን በሰላም ተኛን። የቀሩት 97ቱ የሌላ ሰው ልጆች ናቸው፤ የኛዎቹ ጋውን ለብሰዋል።

ባለፈው ማክሰኞ ልጄ ኮሙኒኬሽን ቡኩ ውስጥ ታጥፎ የመጣ ደብዳቤ ይዞ ገባ። ከዚያ ትምህርት ቤት የሚመጣው ወረቀት ሁሉ፣ “ነገ ሙዝ ይላክ” የሚለው ሳይቀር፣ በእንግሊዝኛ ነው። ይሄኛው ግን በጠራ አማርኛ ተጽፏል። መነጽሬን አጥቼ “ና እስቲ አንብብልኝ” አልኩት። ወረቀቱን ገለበጠው። አዘቀዘቀው። መልሶ ሰጠኝ።

የጎረቤታችን ልጅ ሚጥሚጣ ልትበደር መጥታ በር ላይ ቆማለች። ሁለተኛ ክፍል ናት፤ በዚያ በአራት ደቂቃው ትምህርት ቤት። ወረቀቱን ተቀበለችኝና ሳትደናቀፍ ወረደችው። “የተከበራችሁ ወላጆች፣ ትምህርት ቤታችን በአዲሱ የትምህርት ዘመን የትምህርት ጥራትን ለማስጠበቅ ሲባል በወርሃዊ ክፍያ ላይ የ60...” ቆመች።

“ጋሼ፣ ይቺ ምልክት ምንድን ናት?”

ልጄ አንገቱን አስግጎ ወረቀቱን አየ። ፊቱ በራ።

“ፐርሰንት!” አለ። “ሲክስቲ ፐርሰንት!”

ባለቤቴ ከወጥ ቤት እልል እያለች ወጣች።