አልደረሰም እንዴ?

ቅዳሜ ጠዋት ነው። እጄ እስከ ክርኔ ዱቄት ለብሷል። ዘይቱ ገና ምድጃ ላይ መጣዱ ነው። ከሳሎን ድምፅ መጣ፦ «አልደረሰም እንዴ?»

ይቺን ጥያቄ መጀመሪያ ያመጣት ሰው ማን እንደሆነ ባውቅ ደስ ይለኝ ነበር። መልስ አትፈልግም። እርዳታም ይዛ አትመጣም። «ፖሙን ልላጥልሽ?» አትል፣ «ልምጣ እንዴ?» አትል። ሶፋ ላይ በጀርባዋ ተንጋላ ነው የምትጠይቀው። ደግሞ መጨረሻዋ ላይ ያለችው «እንዴ»! «አልደረሰም?» ቢባል እኮ ጥያቄ ነው። «እንዴ» ስትጨመርበት ግን ክስ ይሆናል፤ ችሎት ፊት እንደቆመ ሰው ለምን እንዳልደረሰ ማስረዳት ትጀምራለህ።

ጥፋቱ ከእኔ ነው የጀመረው፣ አልክድም። ዓርብ ማታ ስልኬን ስጎረጉር አንድ ቪዲዮ አየሁ። በፖምና በቀረፋ የተሞላ፣ በዘይት የሚጠበስ ፓስቲ። ሲቆረስ ይንኮሻኮሻል፣ ከውስጡ እንፋሎት ይወጣል፣ ላዩ ላይ የቀረፋ ስኳር ተነስንሶበታል። አንዲት ፈገግታዋ የማይጠፋ ሴትዮ «በ15 ደቂቃ ብቻ!» ትላለች። እኔም አመንኳት። እዚያው በተቀመጥኩበት «ነገ ዘና ብለን ቁርስ እንበላለን» ብዬ ለቤተሰቡ አወጅኩ። ዘና ብለን! ማን ዘና እንደሚል ሳልጠይቅ።

እስቲ 15 ደቂቃዋን እንያት። ሊጡን ማቡካት ብቻ 10 ደቂቃ ነው። ከዚያ ሊጡ ማረፍ አለበት፣ ቢያንስ ግማሽ ሰዓት። (ሊጡ ያርፋል። እኔ አላርፍም። ይህን ልብ በሉልኝ።) ሳያርፍ ከዳመጥከው እንደ ላስቲክ ይሰበሰባል፤ ትዘረጋዋለህ፣ ይጠቀለላል፣ ትዘረጋዋለህ፣ ይጠቀለላል። ፖሙ ይላጣል፣ ይከተፋል፣ ከስኳርና ከቅቤ ጋር ይበስላል፣ ከዚያ ደግሞ ይቀዘቅዛል። ትኩሱን ሊጥ ላይ ብታደርገው ሊጡ ይላላል፣ ዘይት ውስጥ ሲገባም ጎኑን ቀዶ ይወጣል። ሴትዮዋ ታዲያ ይህን ሁሉ እንዴት በ15 ደቂቃ ጨረሰችው? ቀላል ነው። «አሁን ለ30 ደቂቃ እናሳርፈዋለን» አለች፣ ሳህኑን በፎጣ ሸፈነች፣ ከጠረጴዛው ሥር ሌላ ሳህን አወጣች። «ይህ ቀደም ብዬ ያዘጋጀሁት ነው።» ቀደም ብለሽ! እኔም እኮ ቀደም ብዬ ትላንት ያዘጋጀሁት ቢኖረኝ ኖሮ በ2 ደቂቃ ነበር የምጨርሰው።

ፖሙን መላጥ ጀመርኩ። አራት ትልልቅ አረንጓዴ ፖሞች። አረንጓዴውን የመረጥኩት ኮምጠጥ ስለሚልና ሲበስልም ቶሎ ስለማይፈርስ ነው። ፖም ሲቆረጥ እንደሚጠቁር የማያውቅ የለም፤ ውስጡ ያለው ኢንዛይም አየር ሲያገኝ ነው እንዲህ የሚያደርገው። ሎሚ ጠብ ካደረክበት ይታገሳል። ሦስተኛውን ልጬ ሳልጨርስ የመጀመሪያው መጠቋቆር ጀመረ። ፖሙም እንደ ሳሎኑ ሰው ትዕግሥት የለውም ማለት ነው። ልዩነቱ፣ ለፖሙ ሎሚ አለ።

ደግሞ ፖም ሲበስል ያንሳል። ከጥሬ ፖም ሩብ ያህሉ አየር ነው፤ ውሃ ላይ የሚንሳፈፈውም ለዚህ ነው። ድስት ሙሉ ከትፈህ ትጥዳለህ፣ ከ10 ደቂቃ በኋላ ግማሽ ድስት ታገኛለህ። ይሄኔ ነው ባለቤቴ ውሃ ሊጠጣ ብቅ ያለው። ድስቱን አየ። «ይቺን ብቻ ነው እንዴ የሠራሽው?» አለ። ይኸው «እንዴ» እንደገና።

ሊጡን ወደ መዳመጥ ሄድኩ። እዚህ ላይ ትንሽ ልውጣ ልግባ፣ ይፈቀድልኝ።

የራሴ መዳመጫ ነበረኝ። ወፍራም፣ ከባድ፣ እጀታው በእጅ ብዛት የለሰለሰ። አንድ ዘመዴ (ስሟን አልጠራም፣ ራሷን ታውቃለች) «ለአንድ ቀን ብቻ» ብላ ወሰደችው። ሦስት ዓመት ሞላው። በሦስት ዓመት ውስጥ ስንት አንድ ቀን እንዳለ ቁጠሩ። መጀመሪያ ሰሞን እጠይቃት ነበር። «ውይ፣ ረስቼው! በሚቀጥለው ይዤልሽ እመጣለሁ» ትላለች። በሚቀጥለው ባዶ እጇን ትመጣለች። ቀስ በቀስ እኔ ማፈር ጀመርኩ። ተመልከቱ እንግዲህ፣ የወሰደችው እሷ፣ የማፍረው እኔ። ባለፈው ቤቷ ሄጄ መዳመጫዬን መደርደሪያ ላይ አየሁት። ዓይን ለዓይን ተጋጨን። እሷ ዓይኔን ተከትላ አየችና ምን ብትል ጥሩ ነው? «የሱን ዓይነት ጥሩ መዳመጫ አሁን የት ይገኛል ብለሽ ነው!» እኔም «እውነትሽን ነው» ብዬ ወጣሁ። ለምን እንዲህ እንዳልኩ እስከ ዛሬ አይገባኝም። ሌሊት ተኝቼ ማለት የነበረብኝ መልስ ይመጣብኛል፣ አንዱ ካንዱ የሚያምር።

ስለዚህ የምዳምጠው በጠርሙስ ነው። ጠርሙስ ደግሞ መሀሉን ይዳምጣል፣ ዳሩን ይተዋል። አንዱ ወገን እንደ ወረቀት ሳሳ፣ ሌላው እንደ ፍራሽ ወፈረ። ይህን ሳስተካክል ነው እንግዲህ፣ «አልደረሰም እንዴ?» ለሦስተኛ ጊዜ የመጣው። ክንዴ የዱቄቱን ሳህን ገጨው። ዱቄቱ ወለሉ ላይ ተበተነ።

የምወደው ተረት አለ፤ «የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች»። ዱቄት ስሰበስብ ሁልጊዜ ትዝ ይለኛል። በአራት እግሬ ተንበርክኬ እየጠረግሁ ደጋግሜ አሰብኩበት። እንዴት ያለ ተረት ነው! ቸኮለች፣ አፈሰሰች፣ ለቀመች። የአንድ ሰው ሙሉ ጠዋት በሦስት ቃል። ግን አንድ ነገር ቀርቶበታል። ማን አስቸኮላት? ዝም ብላ ከመሬት ተነስታ ቸኮለች? ወጥ ቤት ውስጥ ብቻውን የሚቸኩል ሰው አይታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አላየሁም። እርግጠኛ ነኝ፣ ያቺ ሴት በራሷ ጊዜ በራሷ ልክ ትሠራ ነበር። ከዚያ ከወዲያኛው ክፍል አንዱ ተጋድሞ ጠየቃት። ተረት ተራቹም ራሱ ሰውዬው ይመስለኛል። ስታፈስ ሰማ፣ ተነስቶ አልለቀመላትም፣ እዚያው በተጋደመበት ተረት አወጣላት። «ያስቸኮለ በልቶ ተኛ» የሚለውን ሁለተኛውን መስመር ደግሞ ዋጠው። ለዚህም ነው «የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ» ያልተባለው፤ ተረቱ ሲወጣ ማን ወጥ ቤት፣ ማን ሳሎን እንደነበር ከቃሉ ይታወቃል።

ይሄን ለባለቤቴ ብነግረው ስቆ «አንቺ ደግሞ!» አለኝ። አንቺ ደግሞ ማለት ትክክል ነሽ ማለት ነው።

ወደ ቀረፋው ልምጣ፣ እሱም የራሱ ጉድ አለው። ቀረፋ የዛፍ የውስጥ ቅርፊት ነው። ይላጣል፣ ሲደርቅ ራሱን ይጠቀልላል። የስሪላንካው ስስ ነው፣ ብዙ ንብርብር አለው፣ በጣት ሲጫኑት ይፈረፈራል። ካሲያ የሚባለው ደግሞ ወፍራምና ደረቅ ነው፤ እኔ ቤት ያለው እሱ ነው፣ ብትወቅጠው ብትወቅጠው ሙቀጫውን እንጂ ራሱን አያስነካም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ5ኛው ክፍለ ዘመን የኖረው ግሪካዊው ሄሮዶቱስ ስለ ቀረፋ ምን እንደጻፈ ታውቃላችሁ? ትልልቅ ወፎች ቀረፋውን ከሩቅ አምጥተው ሰው በማይወጣበት ገደል ላይ ጎጆ ይሠሩበታል አለ። የዓረብ ነጋዴዎች ታዲያ የበሬና የአህያ ሥጋ በትልልቁ ቆርጠው ከገደሉ ሥር ያስቀምጣሉ። ወፎቹ ሥጋውን ወደ ጎጆ ሲያወጡት ጎጆው ክብደቱን አይችልም፣ ይናዳል፣ ሰዎቹ ሮጠው ቀረፋውን ይለቅማሉ። (ወፎቹም ቸኩለው ነው። እዚህ ግን የለቀመው ሌላ ነው።) ከብዙ መቶ ዓመታት በኋላ ሮማዊው ፕሊኒ መጣና ይህ ሁሉ ነጋዴዎች ዋጋ ለማስወደድ የፈጠሩት ወሬ ነው ብሎ ጻፈ።

እኔ እንደሚገባኝ የነጋዴዎቹ ዘር አልጠፋም። ያኔ እንዲወደድ ሲሉ ሥራውን ከባድ አድርገው አወሩ። ዛሬ እንዲታይ ሲሉ ቀላል አድርገው ያወራሉ። «በ15 ደቂቃ» ከወፏ ጎጆ በምን ይሻላል? እንዲያውም ወፏ ትሻላለች። በወፏ ወሬ ቅዳሜው የተበላሸበት የለም።

ዘይቱ። ትክክለኛው ሙቀት ከ175 እስከ 180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። መለኪያ ከሌለህ ቁራሽ ሊጥ ጣል ታደርጋለህ፤ ሥር ሰምጦ ከቀረ አልሞቀም፣ ወዲያው ከጠቆረ በዝቷል፣ ዙሪያውን አረፋ እያወጣ ከተንሳፈፈ ልክ ነው። ልክ በሆነ ዘይት ውስጥ የሊጡ ውሃ ቶሎ እንፋሎት ሆኖ ወደ ውጭ ይገፋል፤ ያ «ችስስስ» የሚለው ድምፅ እሱ ነው። እንፋሎቱ ወደ ውጭ እየወጣ ዘይቱ ወደ ውስጥ ለመግባት ይቸገራል። ብዙ ባንዴ ካስገባህ ግን ዘይቱ ይቀዘቅዛል፤ ስለዚህ ሦስት ሦስት እያደረግክ ነው የምትጠብሰው። ሦስት ታስገባለህ፣ ትገለብጣለህ፣ ታወጣለህ፣ ዘይቱ እንደገና እስኪሞቅ ትጠብቃለህ። እኔ ይህን ሁሉ አውቃለሁ። እጄም ያውቃል። የመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ወርቅ መስለው ወጡ። ለራሴ «አየሽ!» አልኩ።

አራተኛው ጥያቄ መጣ። አሁን ብቻውን አልነበረም፣ ልጆቹም ተቀላቅለው በኅብረት ነው የጠየቁት። እኔም በንዴት ሰባት አንድ ላይ ጨመርኩ።

ዘይቱ ቀዘቀዘ። ችስታው ጠፋ። ፓስቲዎቹ ገንዳ ውስጥ እንደተኙ ሰዎች ዝም ብለው ተንሳፈፉ። ሁለቱ ጎናቸው ተከፍቶ ፖሙን ዘይት ውስጥ ለቀቁት፣ ስኳሩ አረረ፣ ቤቱ በጭስ ታፈነ፣ መስኮት ከፈትኩ፣ የቀረፋ ስኳሩ ሳህን ላይ ነፋስ ገባበትና ዱቄት ያልደረሰበት ቦታ ሁሉ ቀረፋ ደረሰበት። ሦስት ሰዓት ተኩል ሆነ። ቁርስ ደረሰ።

ጠረጴዛው ላይ ተሰበሰቡ። ሦስቱን ወርቆች ማን እንደበላቸው አላየሁም፣ እጅ ብቻ ነው ያየሁት። ከዚያ ባለቤቴ ከሰባቱ አንዱን አነሳ። ገመጠ። አኘከ። አሰበ። እንዲህም አለ፦ «ይጣፍጣል። ግን ዘይት አልበዛበትም እንዴ?»

ዝም አልኩ። ምን ልበል? ዘይቱ የበዛው ሰባቱ አንድ ላይ ስለገቡ ነው፤ ሰባቱ አንድ ላይ የገቡት ስለተናደድኩ ነው፤ የተናደድኩት ስለተጠየቅሁ ነው፤ የጠየቀኝ አሁን ዘይቱን የሚለካው አፍ ነው። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይኼ ነው። ዘይቱን በሰሃን ሰብስቤ «የአንተ ድርሻ» ብዬ ባቀርብለት ደስ ባለኝ። ልጄ ደግሞ «ማሚ፣ በሚቀጥለው ሳምንትም እንሥራ» አለች። እንሥራ! ይቺ «እን» የምትባል ፊደል ከየት መጣች? ማነው አብሮኝ የሠራው?

አይ፣ ልክ ልሁን። የመጨረሻዎቹን አራት ሁሉም ጠግቦ ከተበተነ በኋላ ብቻዬን ጠበስኳቸው። ማንም አልጠየቀም። ሁለት ሁለት እያደረግኩ፣ ዘይቱን እየጠበቅሁ፣ እንደወጡ ወረቀት ላይ እያሳረፍኩ። (ሲቀዘቅዝ ነው ብዙውን ዘይት የሚመጠው፣ ስለዚህ ትኩሱን ወዲያው ማድረቅ ነው።) የሚያምሩ ሆኑ። አንዱን እዚያው ምድጃው ሥር ቆሜ በላሁት። ከላይ ኩሽ ኩሽ ይላል፣ ውስጡ ኮምጠጥ ጣፈጥ። የቀሩትን ሦስቱን ሰሃን ደፍቼባቸው ወለሉን ልጠርግ ሄድኩ።

ስመለስ ሰሃኑ እንደተደፋ ነው። ሥሩ ግን ባዶ ነው። ሳሎን ገብቼ ማን እንደበላቸው ጠየቅሁ። ሁሉም ቴሌቪዥን ያያል። ማንም ምንም አያውቅም። የአንዱ ጢም ላይ ግን ቀረፋ ነበር።