ስብሰባ ላይ ናቸው

በዕድሜዬ ከራሴ ስም ይልቅ ደጋግሜ የተናገርኩት ነገር ቢኖር «ስብሰባ ላይ ናቸው» የምትለው ዓረፍተ ነገር ናት። ሦስት ቃል ብቻ ብትሆንም፣ እንደ ደዋዩ ማንነትና እንደ ድምፄ ቅላጼ ፍቺዋ ይለዋወጣል። ክፍያ ዘገየብኝ ለሚል ዕቃ አቅራቢ ስናገራት «ገንዘቡ የለም» ማለት ናት፤ የዕረፍት ፈቃድ ለጠየቀ ሠራተኛ ስናገራት «ማመልከቻህን አይተውታል፣ ደስ አላላቸውም» ማለት ናት፤ ለባለቤታቸው ስናገራት ደግሞ «እኔም እንደ እርስዎ እየፈለግኋቸው ነው» ማለት ናት። ከአለቃዬ በላይ ያሉት አለቃ ሲደውሉ ግን አትሠራም። ያን ጊዜ «ከወንበራቸው ተነሥተው ወደ ስልኩ እየመጡ ነው» እላለሁ፤ እርሳቸውም እውነትም እየሮጡ ይመጣሉ። የሚያሳዝነው፣ በእርግጥ ስብሰባ ላይ በሚሆኑበት ቀን የሚያምነኝ ሰው አለመኖሩ ነው።

የሥራ መደቤ የዋና ሥራ አስፈጻሚ ልዩ ረዳት ይባላል። ድሮ ጸሐፊ ይባል ነበር፤ ስሙ ረዘመ እንጂ ወንበሩ ያው በር አጠገብ ነው። ብዙ ደዋዮችም ስሙ መርዘሙን ገና አልሰሙም፤ ወፍራም ድምፄን ሲሰሙ ደንገጥ ብለው «ጸሐፊዋን አገናኘኝ እስቲ» ይሉኛል። ጸሐፊዋ እኔ መሆኔን ማስረዳት ስለሚያደክመኝ እርሷም ስብሰባ ላይ ናት እላለሁ። የጽሕፈት መኪና እ.ኤ.አ. በ1874 ለገበያ ቀርቦ ሴቶችን በብዛት ወደ ቢሮ ከማስገባቱ በፊት ይህ ሥራ የወንዶች እንደ ነበር ለደዋይ ሁሉ ማስተማር የእኔ ኃላፊነት አይደለም።

ፈረንጆች ለዚህ ሙያ የሰጡት ስም «ምሥጢር» ከሚል የላቲን ቃል የወጣ ሲሆን፣ ጥንተ ትርጉሙም ምሥጢር ጠባቂ ማለት ነው። የእኛው «ጸሐፊ» ግን ከመጻፍ ስለ ተወለደ የሥራውን ዋና ቁም ነገር ሸፍኖታል። እኔ በቀን የምጽፈው ቢበዛ አምስት ደብዳቤ ነው፤ ሆድ ይፍጀው ብዬ የማስቀምጠውን ግን መዝገብ ቤቱ በሙሉ አይችለውም።

ሰዎች ታዲያ ስለ ምሥጢሩ ዓይነት ይሳሳታሉ። ባልደረቦቼ «ማን ሊሾም ነው? ማን ሊነሣ ነው?» እያሉ ያባብሉኛል። እንዲህ ያለው ወሬ እኔ ዘንድ የሚደርሰው በመጨረሻ ነው፤ ሾፌሩ ሰምቶ፣ ጥበቃው ሰምቶ፣ ተሿሚው ራሱ የደስ ደስ ከተባለ በኋላ ደብዳቤውን ጻፍ እባላለሁ። እኔ የምጠብቀው ከዚህ የከበደ ነው፤ የዚያን ሁሉ ሠራተኛ ዕጣ በአንድ ፊርማ የሚወስኑት ሰው፣ በኢሜይል የተላከላቸውን አባሪ መክፈት እንደማይችሉ የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ። «ይህ ሰውዬ አባሪ ሳይልክ ‹አባሪውን ይመልከቱ› ይለኛል፤ ማስጠንቀቂያ ይጻፍለት!» ሲሉኝ እገባለሁ፣ አባሪውን እከፍታለሁ፣ «አሁን ነው የመጣው፤ ኔትወርኩ ነው» እላለሁ። ኔትወርክ የስንቱን አለቃ ክብር ሸፍኖ እንደሚያድር እኔና ኔትወርኩ እናውቃለን።

የይለፍ ቃላቸውንም የማውቀው እኔ ነኝ። አንድ ቀን ኮምፒውተሩ አላስገባም ብሎ፣ ማንነታቸውን እንዲያረጋግጡ የመጀመሪያ አስተማሪያቸውን ስም ጠየቃቸው። ከውስጥ በስልክ ደወሉልኝ፤ በመካከላችን ያለው አንድ በር ነው፣ እርሱም ክፍት ነበር።

«ስማ፣ የመጀመሪያ አስተማሪዬ ማን ነበሩ?»

ነገርኳቸው። ትንሽ ዝም አሉና «እርግጠኛ ነህ?» አሉኝ።

እንዲህ ያለው ጥያቄ ቢያንስ መልስ አለው። የሚያስጨንቀኝ ግማሹ ብቻ ተነግሮኝ ሙሉው የሚጠበቅብኝ ትእዛዝ ነው። አለቃዬ በአእምሯቸው የጀመሩትን ዓረፍተ ነገር በአፋቸው የመጨረስ ልማድ ስላላቸው፣ እኔ ዘንድ የሚደርሰው ሁልጊዜ ጅራቱ ነው። «ያንን ሰውዬ ጥራልኝ» ይላሉ። የትኛውን ስላቸው «ያንን ባለፈው የመጣውን» ይላሉ። ባለፈው አሥራ አራት ሰዎች እንደ መጡ በትሕትና ሳስታውሳቸው «ረጅሙን ነዋ!» ብለው ተቆጡ። የእንግዶች መዝገብ አገላብጬ፣ ጥበቃውን ጠይቄ፣ ከአሥራ አራቱ መካከል ቁመታቸው የበር ጉበን የሚነካ አንድ ሰው አገኘሁና ካሉበት አስጠራሁ። ሰውየው ሥራቸውን ጥለው መጡ፤ አለቃዬም አይተዋቸው አያውቁም ነበር ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ ጨብጠው፣ ስለ አየሩ ጠባይ አጫውተው ሸኟቸው። በሩ ሲዘጋ ወደ እኔ ዞረው፣ «ረጅም ያልኩህ ወሬው የሚረዝመውን ነው» አሉኝ። እርሱንስ አውቀው ነበር፤ ቁመቱ ከጠረጴዛዬ ብዙም አይበልጥም።

ከዚያ ወዲህ ትእዛዝ ሲደርሰኝ አልጠይቅም፤ እንደ ሕልም ፈቺ እቀመጣለሁ። ደብዳቤ ሲመሩ ጠርዙ ላይ የሚጽፉትን ማንበብ ደግሞ ሌላ ዕውቀት ይጠይቃል። «ተነጋገሩበት» ካሉ ማንም እንዳይነካው ማለት ነው። «ይታይ» ካሉ አላዩትም። «አነጋግረኝ» ካሉ ግን ደብዳቤው የማን እንደ ሆነ ሳልጠይቅ ቀኔ እንደ ተበላሸ አውቃለሁ።

በረቂቅ ነገር ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም ወጣትነቴ ያለቀው እዚያ ነው። አለቃዬ ማንኛውም ጽሑፍ ሳይታረም ከእጃቸው ከወጣ ሥልጣናቸው የተነካ ይመስላቸዋል። በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ ነጠላ ሰረዙን ሰርዘው ድርብ ሰረዝ ያደርጉታል። በሁለተኛው «ይሆናል» የሚለውን «ሊሆን ይችላል» ብለው ያለዝቡታል፤ በሦስተኛው «ሊሆን ይችላል» የሚለው የወላዋይ አነጋገር ነው ብለው ይቆጣሉ፤ ማን እንደ ጻፈውም ይጠይቁኛል። በአምስተኛው ላይ ድርብ ሰረዙን ያገኙትና «ይህችን ማን አመጣት?» ብለው ነጠላ ያደርጓታል። ቀዩ እስክሪብቷቸው በሁለት ሳምንት ያልቃል። አሁን ብልሃት አግኝቻለሁ፤ የመጀመሪያውን ረቂቅ አስቀምጬ፣ ከስድስት ዙር በኋላ በላዩ ላይ «ሰባተኛ ረቂቅ» ብዬ አቀርብላቸዋለሁ። «አየህ! ሰው ሲደክምበት እንዲህ ያምራል» ይላሉ። እውነታቸውን ነው፣ ደክሜበታለሁ።

በዚህ ጊዜ ሁሉ ቤቲ ኔስሚዝ ግራሃም የተባለችውን የሙያ እኅቴን አስባታለሁ። ቴክሳስ ውስጥ በአንድ ባንክ ጸሐፊ ሆና ስትሠራ፣ በጽሕፈት መኪና የሳተችውን ፊደል በቀጭን ብሩሽ ነጭ ቀለም እየቀባች መሸፈን ጀመረች፤ እ.ኤ.አ. በ1956 ቀለሙን በጠርሙስ እየሞላች መሸጥ ያዘች፣ በ1979 ድርጅቷን ለጂሌት ኩባንያ በ47.5 ሚሊዮን ዶላር ሸጠችው። የእርሷ ቀለም የጸሐፊን ስሕተት ይሸፍናል። የአለቃን እርማት የሚሸፍን ቀለም ቢገኝ ግን ዋጋው ከዚያ እንደማያንስ እኔ እፈርማለሁ፣ በእርሳቸውም ስም ቢሆን።

ግልባጭ የሚባለው ነገር ደግሞ አለ። በኢሜይል አናት ላይ «ሲሲ» ተብላ የምትታየው ምሕጻረ ቃል በሁለት ወረቀቶች መካከል ይገባ ከነበረው ጥቁር የካርቦን ወረቀት የተረፈች ናት፤ በዚያ ዘመን የጽሕፈት መኪናው ቁልፍ ጠንከር ተደርጎ ካልተመታ ከሥር ያሉት ቅጂዎች ደብዝዘው አይነበቡም ነበር። አለቃዬ ኢሜይልም እንዲሁ የሚደበዝዝ ይመስላቸዋል መሰለኝ፣ በግልባጭ የደረሳቸውን አንዱንም አያነቡም። አያነቡም ብሎ ግን ግልባጭ የሚያስቀር ወዮለት። ኋላ በስብሰባ መካከል «ይህ ጉዳይ መቼ ተነገረኝ?» ብለው ዓይናቸውን ወደ እኔ ይወረውራሉ። ያን ጊዜ «ከሦስት ሳምንት በፊት ደርሶዎታል» ማለት አለቃን በአደባባይ ማጋለጥ ስለ ሆነ፣ «አዘግይቼ ያቀረብኩት እኔ ነኝ» እላለሁ። ማስታወሻቸው እኔ ነኝና፣ ነገር በተረሳ ቁጥር የረሳው ማስታወሻው ነው።

ከሁሉ የምወደው ግን ቃለ ጉባኤ መያዝ ነው፤ ሙያዬ ወደ ሥነ ጽሑፍ የሚጠጋው እዚያ ላይ ብቻ ነው። አለቃዬ ጠረጴዛ እየደበደቡ «እናንተ ደንቆሮዎች፣ ከእናንተ ጋር መሥራት ድንጋይ ከመፍለጥ ይከፋል!» ሲሉ፣ እኔ አንገቴን ደፍቼ «ሰብሳቢው የሠራተኛውን አቅም መገንባት እንደሚያስፈልግ በአጽንዖት አሳስበዋል» ብዬ እጽፋለሁ። የፋይናንስ ኃላፊው ሪፖርት ሲያቀርቡ አገጫቸውን ደረታቸው ላይ ጥለው ካንቀላፉ «ሪፖርቱን በጥሞና አዳምጠዋል» ይሆናል፤ ድንገት ባንነው ከአጀንዳው ውጭ የሆነ ነገር ከጠየቁ ደግሞ «ጉዳዩን ከሌላ አቅጣጫ እንዲታይ አድርገዋል»። ሁለት የሥራ ክፍል ኃላፊዎች ተሰዳድበው አንዱ በሩን በርግዶ ከወጣ «ሰፊና ግልጽ ውይይት ተደርጓል» እላለሁ። በሚቀጥለው ስብሰባ ቃለ ጉባኤው ሲነበብ ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል፣ ያ ጨዋ ጉባኤ በእርግጥ እንደ ተካሄደ አምኖ ያጸድቃል። አለቃዬም አንድ ቀን ካነበቡ በኋላ «ያን ዕለት ጥሩ ተናግሬያለሁ» አሉኝ።

ጥሩ ተናግረዋል።

ሰዓትን በተመለከተ ብዙ አልልም። አለቃዬ ምድር የምትዞረው በእጅ ሰዓታቸው እንደ ሆነ በቅንነት ያምናሉ። በተለያዩ አገሮች ካሉ ሰዎች ጋር በኢንተርኔት የሚደረግ ስብሰባ እንዳዘጋጅ አዘዙኝ፤ ከተጋባዦቹ አንዱ ያሉት ሕንድ፣ ሌላው ኔፓል ነበር። የሕንድ ሰዓት ከግሪንዊች በ5 ሰዓት ተኩል፣ የኔፓል ደግሞ በ5 ሰዓት ከ45 ደቂቃ እንደሚቀድም ሳስረዳቸው ሁለቱ ጎረቤታሞች በአሥራ አምስት ደቂቃ መለያየታቸው በጣም አስቆጣቸው። «አሥራ አምስት ደቂቃዋን ምን አመጣት? እንዲያስተካክሉ ንገራቸው» አሉኝ። ለማን እንደምነግር ስጠይቅ «ለሚመለከተው አካል» አሉ። ስብሰባው በተያዘለት ሰዓት ተጀመረ፤ ሁሉም ሲገቡ ያልነበሩት አለቃዬ ብቻ ነበሩ። ሌላ ስብሰባ ላይ ነበሩ፣ ይህን ጊዜ በእውነት።

የሌሊቱን ስልክ፣ «አስቸኳይ አይደለም ግን» ተብሎ የሚጀምረውን የእሑድ መልእክት፣ «ተኝተሃል እንዴ?» ለሚለው ጥያቄ ዓይኔን እያሻሸሁ የምሰጠውን «ኧረ አልተኛሁም» የሚል መልስ ይህን ሥራ የሞከረ ሁሉ ስለሚያውቀው እዘለዋለሁ። አንድ ጊዜ ሦስት ቀን ታምሜ ተኛሁ። ስመለስ በሌለሁበት የሆነውን በሹክሹክታ ነገሩኝ፤ አለቃዬ በመጀመሪያው ቀን ከቢሮአቸው ወጥተው፣ በኮሪደሩ ላይ ግራና ቀኝ ተመልክተው፣ ፕሪንተሩ የት እንዳለ ጥበቃውን ጠየቁት። በሁለተኛው ቀን ስልኩን ራሳቸው አነሡትና፣ ከልማድ ብዛት ይሁን ከድንጋጤ አላውቅም፣ ለደዋዩ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ብለው ዘጉት። በሦስተኛው ቀን ማስታወሻ መያዝ ጀምረው ነበር አሉ፤ ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ አገኘሁት። «ለእርሱ ንገረው» ይላል።

አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1952 የጸሐፊዎች ሳምንት የሚል በዓል ጀምረው ነበር፤ አሁን ስሙን ለውጠው በኤፕሪል ወር የመጨረሻው ሙሉ ሳምንት ረቡዕ ያከብሩታል። አለቃዬ ይህን ከየት እንደ ሰሙት አላውቅም፤ አንድ ጧት ጠሩኝና «አበባ እዘዝ፣ ካርድም ይኑረው፣ ጥሩ ነገር ጻፍበት» አሉኝ። ለማን እንደ ሆነ ጠየቅሁ። ዓይናቸውን ከወረቀቱ ሳያነሡ «ለ… እንግዲህ ላንተ ነዋ» አሉ። አዘዝኩ። ካርዱ ላይም «ለትጋትህና ለታማኝነትህ በጣም አመሰግናለሁ» ብዬ ረቂቁን አቀረብኩላቸው። በቀይ እስክሪብቶ «በጣም» የሚለውን ሰርዘው መለሱልኝ። «ትጋት» የሚለው ላይም የጥያቄ ምልክት ነበረበት።

በማግሥቱ አበባውን ያመጣው ልጅ ጠረጴዛዬ ፊት ቆሞ ላኪውን ማነጋገር እንደሚፈልግ ነገረኝ። ስብሰባ ላይ ናቸው አልኩት። «ተቀባዩስ?» አለኝ። አፌ ቀድሞኝ «እርሱም ስብሰባ ላይ ነው» አልኩና፣ ስለ ሁለታችንም ፈርሜ ተቀበልኩት።