የቤተሰብ ዕዳ በባለሱቁ ደብተር

የሰፈራችን ባለሱቅ ባለፈው ሳምንት የዱቤ ደብተሩን ከፍቶ አሳየኝ። ለእያንዳንዱ ቤት አንድ ገጽ አለው። ዘይት፣ ሳሙና፣ ምስር፣ ግማሽ ኪሎ ስኳር፤ ከጎን ዋጋው፣ ከታች ድምሩ። ድሮ ደመወዝ በወጣ ማግስት ገጹ ላይ ረጅም መስመር ይሰመርበትና ዕዳው ይዘጋ ነበር። አሁን በብዙዎቹ ገጾች ላይ ከድምሩ ሥር «የዞረ» የምትል ቃል ተጽፋለች። ካለፈው ወር የዞረ፣ ከዚያ በፊት ከነበረውም የዞረ። የአንድ መምህር ገጽ ከየካቲት ወዲህ ተዘግቶ አያውቅም።

ይህን የማነሣው የኢትዮጵያ ቤተሰብ የባንክ ዕዳ ትንሽ መሆኑ እንደ ጤናማ ኢኮኖሚ ምልክት ሲቆጠር ስለምሰማ ነው። በዚህ ፈጽሞ አልስማማም። ሰዋችን በባንክ መዝገብ ላይ ዕዳ የሌለበት ሳይቸገር ቀርቶ ሳይሆን ባንክ ስለማያበድረው ነው። ባንክ የቤት ካርታ ወይም መኪና አስይዝ ይላል። ከብትና ሰብልን የመሰለ የሚንቀሳቀስ ንብረት መያዣ እንዲሆን የሚፈቅድ አዋጅ በ2011 ዓ.ም. ወጥቷል፤ ደመወዝተኛው ግን የሚያስይዘው ላምም ሰብልም የለውም። ስለዚህ ከባለሱቅ፣ ከመሥሪያ ቤቱ የቁጠባና ብድር ማኅበር፣ ከዘመድ፣ ሲብስበትም ከአራጣ አበዳሪ ይበደራል። እቁብ ቀድሞ የደረሰው ሰው እንኳ እስከ መጨረሻው ዙር ባለዕዳ ነው።

ዕዳን በደንብ የሚቆጥሩ አገሮችም ቢሆኑ ጠቅላላ መጠኑን አይተው አይፈርዱም። የኒውዮርክ ፌዴራል ሪዘርቭ ባንክ የአሜሪካ ቤተሰቦችን ዕዳ በየሦስት ወሩ ያወጣል። እ.ኤ.አ. በ2008 ቀውሱ ሲፈነዳ ዕዳው 12.7 ትሪሊዮን ዶላር ገደማ ነበር፤ በ2024 መጨረሻ 18 ትሪሊዮን አልፏል። ነገሩ በመጠን ብቻ ቢሆን አሜሪካ ዛሬ ከያኔው የባሰ አደጋ ላይ ናት ያሰኛል። ነገር ግን ገቢውም አድጓል፤ ያኔ አገሩን ያናጋውም መክፈል ለማይችል ሰው በገፍ የተሰጠ የቤት ብድር ነበር። ሪፖርቱ ዕዳውን በዓይነት በዓይነቱ ይለያል፤ ክፍያቸው ከዘጠና ቀን በላይ የዘገየባቸውንም ለብቻ ያሳያል።

እኛም ዘንድ ልዩነቱ ያው ነው። የ20/80 ኮንዶሚኒየም ዕጣ ወጥቶለት ከባንክ ጋር የረጅም ዓመት ውል የተፈራረመ ቤተሰብ ዕዳ አለበት፤ ቤትም አለው። ለዘይት የተበደረው ግን ወሩ ሲያልቅ በእጁ የሚቀረው ባዶ ጠርሙስ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ የዶላር ዋጋ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ለመንግሥት ሠራተኛ ደመወዝ ተጨምሯል፤ «የዞረ» የሚለው ቃል ግን ከደብተሩ አልጠፋም።

በ2014 ዓ.ም. ቴሌብር ከዳሸን ባንክ ጋር «መላ» እና «እንደኪሴ» የተባሉ ብድሮችን በስልክ ማቅረብ ጀምሯል፤ ሌሎችም ተከትለዋል። ያለ መያዣ ማበደር ለዚህ አገር ትልቅ ነገር ነው፤ ከአራጣ አበዳሪ ደጅ ያዳነው ሰው ጥቂት አይመስለኝም። ቅር የሚለኝ ሪፖርቱ ነው። ስንት ቢሊዮን ብር ለስንት ሰው እንደተሰጠ ይነገረናል። የመጀመሪያውን ብድር በከፈለበት ዕለት ሁለተኛውን የወሰደው ስንቱ ነው? አንዱን ቀዳዳ በሌላው የሚደፍን ቤተሰብ እዚያ ቁጥር ውስጥ ጎበዝ ከፋይ ሆኖ ይታያል።

ባለሱቁን አከፋፋዩ ዘይት በዱቤ ይሰጠው እንደነበር ጠየቅሁት። ይሰጠው ነበር፤ አሁን ጥሬ ገንዘብ ካልያዝህ አትምጣ ተብሏል። ደብተሩ ውስጥ ያለው ገንዘቡ ስላልተመለሰ እሱም በስልኩ ተበድሮ ዕቃ አስገባ። የመምህሩ የዘይትና የምስር ዕዳ በዚህ መንገድ ወደ ባለሱቁ ዞረ፤ ተበዳሪው ነጋዴ ነውና ሪፖርት ላይ ሲወጣ የንግድ ብድር ይባላል። ንግድ ተስፋፋ ብለን የምናነበው ቁጥር ውስጥ የስንት ቤት እራት እንዳለ ሊነግረን የሚችለው ብሔራዊ ባንክ ነው። አበዳሪዎቹ ተደጋጋሚ ብድርንና የዘገየ ክፍያን ለይተው እንዲያቀርቡለት ያስገድዳቸው፤ እሱም በየሩብ ዓመቱ ለሕዝብ ይፋ ያድርገው። ስልኩ እያንዳንዱን ብድር ከነሰዓቱ መዝግቦታልና መረጃው የለም ማለት አይቻልም።