ባትሪው አልሞተም ነበር

ባትሪዋ አልሞላ ስላለኝ ላፕቶፕ ሳምንቱን ሙሉ ስነግራችሁ ስለሰነበትሁ ታሪኩን ከመነሻው አልደግመውም፤ ዛሬ ግን ነገሩ ስለለየለት፣ ንዴቱም ገና ስላልበረደልኝ፣ ሳልጽፈው መተኛት አልቻልሁም። ባትሪው አልሞተም ነበር። አስወልቄ ሌላ ያስገባሁበት ጤነኛ ባትሪ ነው፤ የፈረደበት ጠጋኝ ደግሞ ሞቷል ሲለኝ አንዲት ብሎን አልፈታም፣ መለኪያም አላነሣም።

ወደ ጥገናው የሄድሁት እኮ ባዶ እጄን አልነበረም። ላፕቶፗ ሶኬት ላይ ተሰክታ ትሠራለች፤ ባትሪው ግን 7 በመቶ ላይ ቆሞ አልሞላም ብሏል። ስትነሣ ደግሞ፣ ገና ዊንዶውስ ሳይከፈት፣ የቻርጀሩን ዓይነት መለየት እንዳልቻለች የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ ታወጣለች። ዊንዶውስ ራሱ የሚያዘጋጀውን የባትሪ ሪፖርትም አትሜ ይዤ ነበር፤ ባትሪው ከፋብሪካ ሲወጣ የነበረው አቅም 51,000 ሚሊዋት ሰዓት (ባትሪ የሚይዘው ኃይል መለኪያ ነው)፣ አሁን ሲሞላ የሚይዘው 45,900፣ ማለትም ከመጀመሪያ አቅሙ 90 በመቶው አልተነካም።

ይህን ሁሉ በትሕትና ባስረዳው፣ ዓይኑን ከስልኩ ሳያነሣ «ባትሪው ሞቷል፤ ይቀየራል» አለኝ። «ወንድሜ፣ እስቲ መጀመሪያ በሌላ ቻርጀር ይሞከርልኝ» ስለው ቀና ብሎ አየኝና፣ ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አድርጎ፣ «እህቴ፣ ለማሠራት ነው የመጣሽው ወይስ ለማስተማር?» አለኝ። ሁለት ሰዎች ሳቁ። ሪፖርቱን ስዘረጋለትም «ይህ ኢንተርኔት ላይ የሚወራ ነገር ነው» ብሎ ወረቀቱን በጣቱ ወደ እኔ ገፋው። ከኢንተርኔት አይደለም፣ ከራሷ ከላፕቶፗ የወጣ ነው! ይህን መልስ የምሰጠው ግን አሁን ነው፤ እዚያ በሰው ፊት ቆሜ ሳለሁ ቃል ከአፌ አልወጣም። እሺ ብዬ አስቀየርሁ።

አዲሱ ባትሪ ገብቶ ቤት ስደርስ ያው ማስጠንቀቂያ፣ ያው አልሞላም ማለት። በማግስቱ የሥራ ባልደረባዬ የራሷን ቻርጀር ብታውሰኝ ወዲያውኑ መሙላት ጀመረች። በእንደዚህ ዓይነቱ ቻርጀር ክብ ጫፍ መካከል አንዲት ቀጭን መርፌ አለች፤ ኃይሉ የሚያልፈው በዙሪያዋ ባለው ብረት ሲሆን የእሷ ሥራ ቻርጀሩ ስንት ዋት እንደሆነ ለላፕቶፗ ማሳወቅ ብቻ ነው። መርፌዋ ስትታጠፍ ወይም ሽቦዋ ከውስጥ ሲበጠስ ላፕቶፗ ቻርጀሩን ስለማታውቀው ለመሥራት የሚበቃትን ኃይል ትወስዳለች፣ ባትሪውን ግን አትሞላም። ማስጠንቀቂያው የሚለው ይህንኑ ነበር፤ ያነበበው ግን የለም። ሌላ ቻርጀር ሰክቶ ለማየት አንድ ደቂቃ መቼም አይፈጅም!

ደግሞ ይህ የመጀመሪያው ቢሆን ምን ነበረበት። የእህቴ ላፕቶፕ ከ80 በመቶ አላልፍም ስትል «ሴሉ ደክሟል» ተብላ ሁለት ቀን ተመላልሳለች፤ ላፕቶፖች የሚጠቀሙበት ሊቲየም አዮን ባትሪ ሙሉ ሆኖ ሁልጊዜ ሲሰካ፣ በተለይም ሲሞቅ፣ ቶሎ ስለሚያረጅ ከ80 በመቶ በላይ እንዳይሞላ አምራቹ ያስገባው ማስተካከያ ነበር የበራው። የአክስቴን ልጅ ነገርማ ሳስበው እስከ አሁን ያንገበግበኛል። የላፕቶፑ ታችፓድ (ጣት የሚንሸራተትበት ሰሌዳ) ከሥር ተገፍቶ ሲነሣበት «ብሎኑ ላልቶ ነው» ብለው አጥብቀው መለሱለት። ያ ያበጠ ባትሪ ነው! ውስጡ ጋዝ ሞልቶ ያበጠን ባትሪ መጫን ወይም መብሳት እሳት ሊያስነሣ ይችላል፤ እሱ ግን ያንን ጭኑ ላይ አስቀምጦ ሳምንታት ሠርቶበታል። በሰው ሕይወት እንዲህ ይቀለዳል?

ዛሬ ከሥራ ስወጣ የተበላሸውን ቻርጀር ይዤ ተመልሼ ሄድሁ። ይቅርታ ሊጠይቀኝ ነው ብዬ አልጠበቅሁም፤ ቢያንስ ዝም ይላል ብዬ ነበር። «ቻርጀሩ ነው ብትዪኝ ኖሮ መጀመሪያ እሱን አየው ነበር» አለኝ። ብዬው ነበር፤ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት ብዬው ነበር። ለመከራከር ጉልበት ስላልነበረኝ አሮጌው ባትሪዬ ብቻ እንዲመለስልኝ ጠየቅሁት። ለሌላ ደንበኛ ገጥሞታል።

«ጥሩ ባትሪ ነበር» አለኝ።