ሁላችንም አድሚን ነን

የጎንደር ነገሥታት ሰው አያምኑም ነበር መሰለኝ። አፄ ፋሲል እ.ኤ.አ. በ1636 ከተማዋን ከቆረቆሩ በኋላ ግቢው 900 ሜትር በሚሆን ግንብ ታጠረ፤ ለግንቡ 12 በር ወጣለት፤ በሩ ሁሉ ደግሞ ስም አለው። ፊት በር፣ ወንበር በር፣ ባልደራስ በር፣ እምቢልታ በር። ወንበሩ ለዳኛ፣ ባልደራሱ ለፈረሰኛ፣ እምቢልታው ለነፊ። ምን የሚሉት መጨናነቅ ነው! አንድ ሰፊ በር ከፍተው ቁልፉን አጠገቡ ካለ ድንጋይ ሥር ቢሸጉጡት ኖሮ ስንት ኖራ ይተርፋቸው ነበር።

ደግነቱ እኛ የልጅ ልጆቻቸው አሻሽለነዋል።

ከጎንደር ፒያሳ ብዙም በማይርቅ አንድ መሥሪያ ቤት (ስሙን አልጠራም፤ እንጀራዬ ነው) አምና የማንነት ማስተዳደሪያ ሥርዓት ትከል ተባልኩ። ኪክሎክ ይባላል። ነገሩ ዘመናዊ በረኛ ነው፦ ሠራተኛው ጠዋት አንዴ በስሙ ይገባል፤ ከዚያ የደመወዙም፣ የንብረቱም፣ የፈቃዱም ፕሮግራም «ይሄ ማነው? ምን ተፈቅዶለታል?» እያለ በረኛውን ይጠይቃል። የሚተከለው ደግሞ ኩበርኔቲስ ላይ ነው። ጎግል እ.ኤ.አ. በ2014 ለዓለም የለቀቀው፣ በግሪክኛ የመርከብ መሪ ማለት የሆነ፣ አንዱ ኮንቴይነር ሲወድቅ ሌላውን የሚያነሣ ሥርዓት።

«ኮንቴይነር ላይ ነው የምተክለው» ብላቸው ኃላፊው ብዕራቸውን አስቀምጠው «ከጅቡቲ ተነሥቷል?» አሉኝ። አልፈርድባቸውም፤ እኛ ሰፈር ኮንቴይነር ማለት ሞባይል የሚጠገንበት፣ ሳሙናና ዘይት የሚሸጥበት ቆርቆሮ ነው። ፕሮግራም የሚታሸግበት ነው ብዬ አስረዳኋቸው። «ጥሩ፤ ብቻ ግቢውን እንዳያጣብብ» ብለው ፈረሙልኝ።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ለ43 ሠራተኛ 43 አካውንት ከፈትኩ። ለሒሳብ ሹሟ የሒሳብ፣ ለንብረት ክፍሉ የንብረት፤ ማንም በማንም በር እንዳይገባ። አሁን ሳስበው አፍራለሁ። ቤተሰብ የመበተን ሥራ ነበር እኮ!

በሦስተኛው ቀን ፍቅር አሸነፈ። አንዱ ፓስወርዱ ጠፋበትና የጎረቤቱን ጠየቀ። ጎረቤቱ ትንሽ ሲያመነታ «እንዴ፣ እኔን ነው የማታምነኝ?» ተባለ። በዚህ አገር ይህን ጥያቄ ተጠይቆ ፓስወርዱን የደበቀ ሰው ካለ አላውቀውም። ሰጠ። እሱም ለሌላ ሰጠ። በሳምንቱ «ለምን እንዲህ እንንከራተታለን?» ተባለና የአድሚኑ (ሁሉም በር የሚከፈትለት የዋናው አካውንት) ፓስወርድ ታትሞ፣ ላሚኔት ተደርጎ፣ ከበዓላት መዝጊያ ማስታወቂያው ጎን ተለጠፈ። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ያለው አበው ፓስወርድን አይቶ ነው። መንግሥት በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ዲጂታል መታወቂያ ደንግጎ በፋይዳ ለእያንዳንዳችን የየራሳችንን 12 አኃዝ ሲያድል፣ መሥሪያ ቤታችን የበተነውን መልሶ ሰበሰበ። አንድ ስም፣ አንድ ልብ።

አንድ የንብረት ሠራተኛ «ኩበርኔቲስ ውስጥ ሴክሬት የሚባል ቦታ አለ አሉ፤ እዚያ ለምን አትደብቀውም?» ሲለኝ ሳቅሁ። እዚያ የሚቀመጠው ቤዝ64 ተደርጎ ነው፤ ቤዝ64 ደግሞ በልጅነታችን እናቶቻችን እንዳይሰሙን የምናወራው የወፍ ቋንቋ ማለት ነው። ሥርዓቱን ያወቀ ሁሉ ይፈታዋል። ካልቆለፉት በቀር ከላሚኔቱ በምን ይሻላል? ላሚኔቱ እንኳ ውኃ አያስገባም።

የዚህን ሥርዓት ውበት ማየት የፈለገ መዝገቡን ያንብብ። በአንድ ጠዋት አድሚን የዓመት ፈቃድ ጠየቀ። አድሚን መርምሮ ፈቀደለት። አድሚን ፈቃድ ላይ ሳለ ሦስት ደስጣ ወረቀት ፈርሞ ከንብረት ክፍል አወጣ። ኦዲተሩ መጥቶ «ይህ አድሚን የሚባለው ሰው ማነው?» ሲል ሁሉም እርስ በርሱ ተያየ። ከዚያ አንዷ በትሕትና «ሁላችንም ነን፣ ጋሼ» አለችው። አንድ ቤት በአንድ ቃል ሲናገር ማየት እንዴት ያስለቅሳል!

የራሴንም ሙያ ላወድስ እንጂ። ኪክሎክን ያስነሣሁት ለመለማመጃ በተሠራው አነሣሥ፣ «ለአንድ ሳምንት ብቻ» ብዬ ነበር። እንዲያ ሲነሣ መዝገቡን ውጭ ባለ ዳታቤዝ ሳይሆን በኮንቴይነሩ ሆድ ውስጥ ነው የሚይዘው፤ ኮንቴይነሩ ሲሞት መዝገቡም አብሮ ይቀበራል። ሳምንቱ ዓመት ሞላው። (ጊዜያዊ ነገር እኛ ጋ ዕድሜው እንዴት ይባረካል!) አንድ ማክሰኞ መብራት ጠፋ፤ ዩፒኤሱም እንደ ልማዱ ጩኾ ዝም አለ። መብራቱ ሲመለስ ያ የመርከብ መሪ ግዴታውን ተወጣ፤ አዲስ ኮንቴይነር አነሣ። ባዶ። በእጄ የከፈትኳቸው 43ቱም አካውንቶች የሉም። የፕሮግራሞቹ ዝርዝርና አድሚን ብቻ፣ ሲነሣ ከፋይል እንዲያነባቸው አድርጌ ስለነበር፣ እንደ ትንሣኤ ተመልሰው ቆመዋል።

ከአዘዞ ባጃጅ ይዤ እያላበኝ ደረስኩ። ልባረር ነው ብዬ ኮሪደሩ ላይ የይቅርታ ቃል እያጠናሁ ገባሁ። ሥራው ይካሄዳል፤ ማተሚያው ያትማል፤ ቡናው ሁለተኛው ላይ ደርሷል። አንድም ሰው አልሰማም። 43 ሰው ከነማንነቱ ጠፍቶ፣ የጎደለ ነገር አልነበረም። ጉዳዩን ለኃላፊው ሹክ ብላቸው «ታዲያ ምን ጠፋ?» አሉኝ። መልስ አጣሁ።

ሆኖም ግትር ነኝ። መዝገቡን ከኮንቴይነሩ ውጭ ወዳለ፣ ፖስትግሬስ ወደሚባል ዳታቤዝ አዛወርኩ፤ አካውንቶቹን እንደገና ከፈትኩ፤ የአድሚኑን ፓስወርድ ለወጥኩ፤ በዚያ ላይ ሁለተኛ ማረጋገጫ ጨመርኩበት። በስልክ ላይ የሚወጣ ባለ ስድስት አኃዝ ኮድ ነው፤ በየ30 ሰከንዱ ይቀያየራል። ታትሞ አይለጠፍ፣ ላሚኔት አይደረግ። ኮዱ የሚወጣበትን ስልክ ለኃላፊው አስረክቤ፣ ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ።

ትናንት ጎራ ብዬ ነበር። ስልኩ የጸሐፊዋ ጠረጴዛ ላይ ቻርጀር ተሰክቶ ተቀምጧል። አንዱ ከፎቅ ላይ «እትዬ፣ ስንት ሆነ?» ብሎ ይጮኻል፤ እሳቸው ሹራባቸውን ከሚሠሩበት ቀና ብለው መነጽራቸውን ያስተካክሉና፣ ድምፃቸውን እንደ ታክሲ ረዳት ከፍ አድርገው «አራት፣ ዜሮ፣ ሰባት፣ ሰባት፣ አንድ፣ ዘጠኝ! ቶሎ በሉ ልጆቼ፣ ሊቀየር ነው!»