«ትራፊ የሚወስዱ አሉ!»

ወገን፣ ንዴቴ ሳይበርድ ነው የምጽፈው። ፊደል ብገድፍ እለፉኝ።

አሁን ከፒያሳ መግባቴ ነው። ዋርሳዬ፣ የአዘዞው፣ ታውቁታላችሁ፣ ምሳ ጋብዞን ነበር። ስድስት ሰው ነን። ያዘዘው ግን ለአንድ ሰንበቴ ይበቃል። ሁለት ኪሎ ጥብስ፣ ሦስት ክትፎ፣ ሽሮ፣ ሰላጣ። «ጋሼ፣ ኧረ ይበቃናል» ብል «አንቺ ደግሞ! ሰው ጠርቼ ላስርብ?» አለኝ። ዝም አልኩ።

በልተን በልተን አቃተን። አንደኛው ክትፎ ጫፉ ለጉርሻ ከመነካቱ በቀር እንዳለ ነው። ቅቤው ከላይ ረግቷል። አራት ጥቅል እንጀራ እጅ አልነካውም። አስተናጋጁን ጠራሁት። ቀስ ብዬ ነው፣ ሹክ እንደማለት።

«የኔ ወንድም፣ ይችን ጠቅልልልኝ።»

«የቷን?»

«የተረፈውን።»

«ለውሻ ነው?»

«ለሰው ነው። ለእኔ።»

ልጁ ከላይ እስከ ታች አየኝ። ጫማዬ ላይ ትንሽ ቆየ። ከዚያ ወደ ወጥ ቤቱ ዞሮ እንደ ታክሲ ረዳት ጮኸ፦ «ፌስታል አላችሁ? ትራፊ የሚወስዱ አሉ!»

ቤቱ በሙሉ ዞረ። ጉርሻ አፏ ድረስ የደረሰች ሴትዮ እንኳ እጇን አቁማ አየችኝ። ከወጥ ቤት ደግሞ መልስ መጣ፦ «ፌስታል ተከልክሏል በላቸው!»

አዎ፣ በ2017 ምክር ቤቱ ፌስታል የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል። ደግ አደረገ። ግን እዚያው ጥግ ላይ አንዱ ብርቱካኑን በፌስታል አንጠልጥሎ ቢራውን ይጠጣል። አዋጁ የሚሠራው እኔ ላይ ብቻ ነው?

ባለቤቴ ሜኑ ያነባል። ከበላን በኋላ! ዋርሳዬ ፊቱ በርበሬ መስሎ «በእኔ ግብዣ ትራፊ ልታሸክሚን ነው? ሰው ምን ይላል?» አለኝ። ሰው። ይሄ ሰው የሚሉት ፍጡር ጤፍ ገዝቶልን ያውቃል?

ልጁ ሳህኖቹን እዚያው ፊቴ ገለበጣቸው። ክትፎው ሽሮው ላይ፣ ሽሮው ሰላጣው ላይ፣ ከላይ አፍ የተጠረገበት ሶፍት። ከሆቴሎቹ ጓሮ ቡሌ የሚጠብቁ ልጆች እንዳሉ ሁላችንም እናውቃለን። ለእነሱም እንዳይሆን ሶፍት ገባበት።

ስትደፋ ጨዋ ነህ። ስትወስድ ቆንቋና። እናቴ እንጀራ መሬት ከወደቀ አንስታ ስማ ነበር የምታስቀምጠው። የሰነበተውን ሳይሻግት ቆራርሳ ሰፌድ ላይ ታሰጣዋለች። በቁሌት ስትፈተፍተው ያ ድርቆሽ ከትኩሱ እንጀራ ይበልጥ ነበር። እኔ ባለፈው ድርቆሽ ሳሰጣ ጎረቤቴ አጥር ላይ ሆና «ውይ! ጤፍ አለቀባችሁ እንዴ?» አላለችኝም?

የዕድራችንማ ነገር ይቅር። አይ፣ ለምን ይቀራል። ያኔ ለቅሶ ቤት ሁሉም በአንድ ቀን እንጀራ ተሸክሞ መጣ። አራተኛው ቀን ላይ ሞሰቡን ስንከፍተው ከላይ እስከ ታች ሻጋታ። «ተራ እናውጣ፤ ግማሻችን ዛሬ፣ ግማሻችን ነገ እናምጣ» ብል ሰብሳቢው «እመቤት፣ ለቅሶም በራሽን ሊሆን ነው?» አሉኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ለቅሶ ቤት ውስጥ!

እሺ፣ እኔም ንጹሕ አይደለሁም። ማክሰኞ ማታ ቀይ ወጥ በድስት ሙሉ እሠራለሁ፣ ነገው ረቡዕ መሆኑ ትዝ የሚለኝ ወጡ ከወጣ በኋላ ነው። ፍሪጅ ውስጥ ይደር እላለሁ። መብራት ይሄዳል። ሐሙስ ክዳኑን ስከፍት ሽታው ከቤት ያስወጣል። ደፋሁት። ማን ላይ ልጩህ?

ቅድም ስልኬን ስጎረጉር ደግሞ የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም ያወጣውን አነበብኩ። በፈረንጆቹ 2022 ብቻ ዓለም 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ ደፍቷል። 60 በመቶው የተደፋው ከየቤቱ ነው። እኔ ሆቴሉን ስራገም የእኔም ድስት እዚያ ውስጥ አለች ማለት ነው። ለባለቤቴ ሳነብለት «ወንድሜም ተቆጥሯል?» አለኝ። ሳልወድ ሳቅሁ። ቅድም ባጃጅ ውስጥ ግን አንድም ቃል አልተነፈሰም፣ እሱን ቂም ይዤበታለሁ።

የፊታችን እሑድ የእህቱ ልጅ ሠርግ ነው። ቡፌ። ሰው ሳህኑን እንደ ራስ ዳሸን ቆልሎ ግማሹን ጥሎት ለጭፈራ ይነሳል። ክዳኑ ጥርቅም የሚል ምሳ ዕቃ ቦርሳዬ ውስጥ ከትቻለሁ። ባለቤቴ ገና አላወቀም።

ክትፎዋ ግን ታንገበግበኛለች። ቅቤዋ እንኳ አልተነካም ነበር እኮ!